ኪቦርድ መቼ ነው የሚያረጀው?

ሃሞንድ ቢ-3 የሚባለው ኦርጋን ከነመቀመጫውና ከነፔዳሉ ወደ 190 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከከተማ ከተማ ይዞት የሚዞር ባንድ ከሙዚቀኛ በፊት ተሸካሚ መቅጠር ነበረበት። ውስጡን ከፍቶ ላየው ሰው ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ ከማለት የሰዓት ሠሪ ሥራ ማለት ይቀላል። አይገርምም፤ ፈጣሪው ሎረንስ ሃሞንድ ከኦርጋኑ በፊት የኤሌክትሪክ ሰዓት አምራች ነበር። የመጀመሪያውን ኦርጋን በ1935 አወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልክ እንደ ሰዓቶቹ፣ የመብራቱን ሞገድ ተከትሎ በእኩል ፍጥነት የሚዞር ሞተር አለው። ቢ-3 ላይ ይህ ሞተር ጠርዛቸው ጥርስ ያወጣ 91 ትንንሽ የብረት ጎማዎችን ያሽከረክራል። እያንዳንዱ ጎማ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ፊት ሲዞር አንድ ድምፅ ይፈጠራል። ነገሩ በሙሉ ይሄው ነው።

ቢ-3 ሲነካ “ጠቅ” የሚል ትንሽ ድምፅም አለው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ስር ዘጠኝ ኮንታክቶች አሉ፤ ቁልፉ ሲጫን ሁሉም በአንድ ቅጽበት ስለማይገናኙ ጠቅታው ይፈጠራል። የሃሞንድ መሐንዲሶች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ሊቀንሱት ሞክረዋል። እነ ጂሚ ስሚዝ ግን ጃዝ ውስጥ ጠቅታውን ራሱን እንደ ከበሮ ተጠቀሙበት። ጣት የት እንዳረፈ የሚያሰማው፣ ዜማውን ስለት የሚሰጠው እሱ ነበር። መሐንዲሱ ሊያጠፋው የሚታገለው ነገር፣ ተጫዋቹ ኦርጋኑን የገዛበት ምክንያት ሆኖ ተገኘ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣው ቢ-3 በ1970ዎቹ አጋማሽ ምርቱ ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ብረት መቁረጥና መገጣጠም ውድ ሆኗል፤ በቺፕ የሚሠሩ ኦርጋኖች ደግሞ ርካሽና ቀላል ናቸው። ወረቀት ላይ ውሳኔው እንከን የለውም። እኔም ያን ጊዜ ስብሰባው ውስጥ ብኖር እጄን አወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ተመልከቱ። ሙዚቀኞች አዲሱን ትተው አሮጌ ቢ-3 ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እስከ ሟች አያት ሳሎን ድረስ ማሰስ ያዙ። በመጨረሻ የሃሞንድ ስም ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ሄደ (መኪና ከሚሠራው ሱዙኪ ጋር አይገናኝም፤ የሙዚቃ መሣሪያ አምራች ነው)። ሱዙኪም በ2002 አዲስ ዲጂታል ቢ-3 አወጣ፤ ጠቅታውም አብሮ ተመለሰ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። “አሮጌውን መቼ ነው የምንተወው?” የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ጠረጴዛችን ላይ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም መልሱ “ለእኛ ማስተዳደሩ ሲሰለቸን” የሚል ነው፣ በሌላ ቋንቋ ቢነገርም። የኪቦርድ ታሪክ የሚስበኝ ለዚህ ነው። እዚያ ተጠቃሚው ጣቶቹን ለዓመታት ያሠለጠነ ሰው ነው። መሣሪያውን “አፕዴት” ስታደርጉበት፣ እጁንም አብራችሁ አፕዴት ማድረግ አትችሉም።

ግን ሃሞንድ ላይ ብቻ ካተኮርን የምንደርሰው “አሮጌው ይሻላል” የሚል የናፍቆት ወሬ ላይ ነው። ታሪኩ ሌላ ፊትም አለው።

በ1967 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ቾውኒንግ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ በኮምፒውተር ድምፅ ያወዛውዝ ነበር። ዘፋኝ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ የምትሰሙት ውዝዋዜ በሴኮንድ አምስት ስድስት ጊዜ ነው። ቾውኒንግ ፍጥነቱን እየጨመረ፣ እየጨመረ ሲሄድ ጆሮው ውዝዋዜውን መቁጠር አቆመ፤ በምትኩ ሙሉ በሙሉ አዲስ የድምፅ ቀለም ሰማ። ደወል የሚመስል፣ ነሐስ የሚመስል። በሁለት ቀላል ሞገዶች ብቻ ሌላው በደርዘን የሚሠራውን ድምፅ መፍጠር ተቻለ። ይህ ነው ኤፍኤም የሚባለው፤ ሬዲዮ ላይ ከምናውቀው ኤፍኤም ጋር ሒሳቡ አንድ ነው።

ስታንፎርድ ይህን ሐሳብ ይዞ ሃሞንድን ጨምሮ ወደ አሜሪካ ኦርጋን አምራቾች ሄደ። አልወሰዱትም። ልብ በሉ፣ ያው ሃሞንድ ነው። በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሰው የሚወደውን አሮጌ ነገር ጣለ፣ ሰው የሚወደውን አዲስ ነገርም አሳለፈ። ዕድሉ የደረሰው ያማሃ ነበር። ከጃፓን የተላከ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነገሩን በደቂቃዎች ውስጥ እንደተረዳው ቾውኒንግ ደጋግሞ ተናግሯል። ከፈቃዱ እስከ ገበያው ግን አሥር ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ሒሳቡን በቅጽበት የሚሠራ ርካሽ ቺፕ መሥራት ነበረባቸው። በ1983 ዲኤክስ7 ወጣ።

ዋጋው 1,995 ዶላር። በአንድ ጊዜ 16 ኖታ ያሰማል። ለማነጻጸር፣ በ1978 የወጣው የሴኩዌንሻል ፕሮፌት-5 ዋጋው 4,000 ዶላር ገደማ ሆኖ የሚያሰማው አምስት ኖታ ብቻ ነበር፤ ሁለቱን እጆች ሙሉ አድርጎ ለሚጫወት ሰው አምስት ኖታ ቶሎ ያልቃል። ዲኤክስ7 ከ100,000 በላይ ተሸጠ፤ በዘመኑ ለአንድ ሲንተሳይዘር ያልታየ ቁጥር ነው። የ1980ዎቹን የፍቅር ዘፈኖች የሚያውቅ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ ያ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ የኤሌክትሪክ ፒያኖ እሱ ነው። ስታንፎርድም ከዚያ ፓተንት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ።

ሴኩዌንሻል በ1987 በያማሃ ተገዝቶ ተዘጋ። ሞግም በዚያው ዘመን ወደቀ። ስለዚህ አሮጌ ሞዴል ይዞ መቆየት ክብር ብቻ አይደለም፤ ድርጅት ይገድላል፣ ሠራተኛ ይበትናል። ዲኤክስ7 ቀዳሚዎቹን የተካው ካታሎጉ ስለሰለቸ አልነበረም። ተጫዋቹ ከዚያ በፊት በምንም መንገድ ማድረግ የማይችለውን ነገር፣ በግማሽ ዋጋ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ሞዴል ለመቀየር ከዚህ የበለጠ በቂ ምክንያት አላውቅም።

ቀጥሎ ግን ያማሃ ራሱ ተራው ደረሰ። ትንሹ ኮምፒውተር በየሁለት ዓመቱ እየፈጠነ ባለበት ዘመን፣ ዲኤክስ7ን መቼ ይተኩት?

በ1987 ዲኤክስ7-ሁለት መጣ። ድምፁ ጠርቷል፤ የመጀመሪያው በ12 ቢት የሚሠራ ሲሆን አዲሱ 16 ቢት ሆነ። በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ደራርቦ ይጫወታል። ዋናው ነገር ግን የመጀመሪያውን ዲኤክስ7 ድምፆች ይቀበላል። አንዳንድ ተጫዋቾች “ጠርቶ ጠርቶ ቀጠነ” ብለው የአሮጌውን ሻካራነት መረጡ፤ የሃሞንድ ጠቅታ ታሪክ እንደገና። ቢሆንም ማንም ሥራውን አላጣም። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የተሻገረ ሰው ድምፆቹን ይዞ ተሻገረ።

እዚህ ላይ እንደ ፕሮግራመር ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ደስ ስለሚለኝ። ዲኤክስ7 በአንድ ጊዜ 32 ድምፆችን ይይዛል። እነዚህ 32 ድምፆች በሙሉ ተጠቅልለው አንድ ፋይል ሲሆኑ መጠኑ 4,104 ባይት ነው። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። እያንዳንዱ ድምፅ 128 ባይት፣ ከነዚህ ውስጥ አሥሩ ስሙ ነው። የተቀሩት ስምንት ባይቶች ፋይሉ የት እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ የሚናገሩ፣ መበላሸቱን የሚያጣሩ ናቸው። ያ የብርጭቆ ፒያኖ ከፋብሪካው በሚመጣው የመጀመሪያ ባንክ ቁጥር 11 ላይ ተቀምጧል። 128 ባይት፤ አንድ አጭር የቴሌግራም መልእክት ያህል ነው።

ዲኤክስ7 ላይ አዲስ ድምፅ መሥራት ደግሞ መከራ ነበር። ጠፍጣፋ ቁልፎች፣ ሁለት መስመር ብቻ የሚያሳይ ጠባብ ስክሪን፣ ስድስት ሞገዶች በ32 ዓይነት መንገድ እየተያያዙ። አብዛኛው ሰው ሞክሮ ተወው፤ በፋብሪካው ድምፅ ወይም ሌላ ሰው ሠርቶ በሸጠለት ካርትሪጅ ተጫወተ። ብራያን ኢኖ በእጃቸው ተቀምጠው ከታገሉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ይህ ችግር ያልታሰበ ውጤት አመጣ። ድምፆቹ ከመሣሪያው ተነጥለው የሚሸጡ፣ የሚለዋወጡ ዕቃዎች ሆኑ። የተጫዋቹ ሀብት ፋይሉ ውስጥ ገባ።

በ1987 ሮላንድ ዲ-50ን፣ በ1988 ኮርግ ኤም1ን አወጡ። ኤም1 የተቀዱ እውነተኛ ድምፆችን በ4 ሜጋባይት ውስጥ አጭቆ፣ ከበሮውን፣ ኢፌክቱን፣ ስምንት ትራክ መቅጃውን በአንድ ሳጥን አደረገው። አንድ ሰው መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙሉ ዘፈን ማቀናበር ቻለ። ሩብ ሚሊዮን ገደማ እንደተሸጠ ይገመታል። የኮርግ አስተዋይነት የሚታየኝ ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። በ1991 ተተኪው ዜሮዋን-ደብልዩ ቢወጣም ኤም1 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ መመረቱን ቀጠለ። ሰዎች ገና ከሱ ጋር ሥራ አልጨረሱም ነበር። የሮቢን ኤስ “ሾው ሚ ላቭ” ላይ የምትሰሙት ያ ደረቅ የኦርጋን ቤዝ የኤም1 ነው፤ የታወቀው ኤም1 አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በ1993 ነው።

ያማሃ በዚህ መሀል ወደ ተቀዳ ድምፅ ዞረ። በ2001 የመጣው ሞቲፍ ዋና ሞተሩ እሱ ነበር። ኤፍኤምን የፈለገ ሰው ሞቲፍ ውስጥ የሚሰካ ተጨማሪ ካርድ ይገዛል፤ ካርዱ የዲኤክስ7ን ድምፆች ይጫወታል። እንደኔ እንደኔ ያ ጥሩ ጨዋነት ነበር፤ አሮጌው እንግዳ በዋናው በር ባይገባም ጓሮ ወንበር ተዘጋጀለት። በ2007 ሞቲፍ ኤክስኤስ ሲመጣ ግን የካርዱ ማስገቢያ ጠፋ። ከዚያ እስከ 2016 ድረስ፣ የያማሃን ትልቁን ኪቦርድ የገዛ ሰው የያማሃን ዝነኛ ድምፅ እንደ ፋይል የሚከፍትበት መንገድ አልነበረውም።

በ2016 ሞንታዥ ስምንት ሞገድ ያለው አዲስ የኤፍኤም ሞተር ይዞ ወጣ። ያማሃ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፦ የድሮውን 4,104 ባይት ፋይል ስትሰጡት ወደ ሞንታዥ ቀይሮ የሚመልስ ነፃ የድረ ገጽ መሣሪያ። ከ33 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ደስታው ይገባችኋል። ንዴቱ፣ ይህን ያህል ቀላል ነገር በመሀል ለምን እንደተቋረጠ ነው። ፋይሉ እኮ አልተቀየረም። አድናቂዎች በትርፍ ጊዜያቸው የጻፉት ዴክስድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያንኑ ፋይል ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ ያጫውታል።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። እኛ ጋ በብዛት የሚታየው ኪቦርድ ሞቲፍም ሞንታዥም አይደለም፤ አሬንጀር የሚባለው ዓይነት ነው። ግራ እጅ ኮርድ ሲይዝ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ጊታሩ ራሱ ይከተላል። ሰርግ ቤት፣ ምሽት ክለብ፣ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሰው ባንድ ሆኖ የሚቆምበት ሁሉ አለ። የሚከተለው ምት “ስታይል” በሚባል ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ጃፓን ወይም አውሮፓ የተሠራ ኪቦርድ ውስጥ ዋልትዝ፣ ሳልሳ፣ ፖልካ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ታገኛላችሁ፤ ችክችካን ግን ተጫዋቹ ራሱ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ወይ ከሠራ ጓደኛው በፍላሽ የሚገለብጠው። የከበሮውን መምታት፣ የጭብጨባውን ቦታ፣ የቤዙን መዝለል ለማስተካከል ሌሊት የሚያድር ሰው አውቃለሁ። ኪቦርዱን በገንዘቡ ገዛው፤ ፋይሉን ግን በዕድሜው።

እና አንድ ሞዴል “ተተካ” ሲባል ለሱ ምን ማለት ነው? እስኪ መንገዱን ተከተሉ። ጃፓን ውስጥ አዲሱ ይታወጃል። ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለው ተጫዋች አሮጌውን ሸጦ አዲሱን ይገዛል። የተሸጠው በዘመድ ሻንጣ፣ በዱባይ በኩል፣ እንደምንም አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ስላሽ ሆኖ፣ ግን ለተቀባዩ አዲስ ሆኖ። ለአምራቹ ያ ቀን የሞዴሉ መጨረሻ ነው። እኛ ጋ ግን ሁለተኛ ሕይወቱን የሚጀምርበት ነው። ችግሩ የመለዋወጫው ሰዓት የሚቆጠረው በአምራቹ ቀን ነው። ምርት ከቆመ በኋላ መለዋወጫ የሚቀመጠው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው፤ ኪቦርዱ እኛ ጋ ደርሶ ሥራ ሲጀምር ከነዚያ ዓመታት ግማሹ አልቋል።

የሚበላሸው ደግሞ ትልቅ ነገር ቢሆን ባልከፋ። ከቁልፎቹ ስር ያለ የላስቲክ ኮንታክት ነው። ይቆሽሻል፣ ያረጃል፤ አንድ ኖታ ዝም ይላል ወይም ያለልክ ይጮኻል። ቴክኒሻኑ በአልኮል ያጸዳዋል፣ ከሌላ ከሞተ ኪቦርድ ነቅሎ ይገጥማል። ዲኤክስ7 ውስጥ ያለው ባትሪም እንደዚያው ነው፦ በየሱቁ የምትገኝ ሳንቲም የምታክል ባትሪ፣ ግን ሰሌዳው ላይ በብየዳ የተያዘች። ስትሞት 32ቱን ድምፆች ይዛ ትሄዳለች።

ማስቀመጫው ሌላ ጉድ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ የያማሃ ሞዴሎች፣ ሞቲፍንም ፒኤስአር-3000ንም ጨምሮ፣ ስማርትሚዲያ የሚባል ስስ ካርድ ይጠቀሙ ነበር። ካርዱ የመጣው ከካሜራ ዓለም ነው፤ የካሜራው ዓለም ቶሎ ጥሎት ሄደ። ኪቦርዱ ግን ቆሞ ቀረ፣ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ፣ አፉ ውስጥ የሚገባ ካርድ ሳይኖር። ፒኤስአር-3000 ዩኤስቢም ስለነበረው ተረፈ። ሞዴል የሚያስረጀው ሁልጊዜ ድምፁ አይደለም፤ የተበደረው የሌላ ኢንዱስትሪ ዕቃ ነው።

በነገራችን ላይ፣ “የተተካ” መሣሪያ ምን እንደሚችል ያሳየን የራሳችን ሰው ነው። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ አዲስ አበባ ሒልተን የሚያውቀው ያውቀዋል። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ፣ ዋሽንግተን ውስጥም ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በ1985 ብቻውን አንድ አልበም ቀዳ። ዲኤክስ7 ዓለምን በያዘበት ሰዓት እሱ ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶቹና ከድራም ማሽኑ መሀል ያስቀመጠው አኮርዲዮን ነበር፤ ኦርጋንና ኪቦርድ ከመድረክ ያስወረዱትን የልጅነቱን መሣሪያ። አልበሙ በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለም ወጣቶች እንደ አዲስ ነገር ሰሙት። አዲሱ መምጣቱ አሮጌውን እንዲያስወጣ አላስገደደውም፤ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ።

የአምራቾቹን የቀን መቁጠሪያ ስመለከት የገረመኝ ነገር አለ። የያማሃ ትልቁ አሬንጀር ታይሮስ በ2002 ወጣ። ታይሮስ 2 በ2005፣ ታይሮስ 3 በ2008፣ አራተኛው በ2010፣ አምስተኛው በ2013። ከዚያ ጄኖስ በ2017። ጄኖስ 2 ደግሞ በ2023። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ዓመት። የሞቲፍ መስመርም እንደዚሁ ነው፦ 2001፣ 2003፣ 2007፣ 2010፣ ከዚያ ሞንታዥ 2016፣ ሞንታዥ ኤም 2023። እርምጃው ቀዝቅዟል።

አንዳንዱ “ሐሳብ አለቀባቸው” ይላል። አይመስለኝም። በ1983 ከአምስት ኖታ ወደ 16 መዝለል ሕይወት ይቀይር ነበር። ዛሬ ከ128 ወደ 256 ብትዘሉ አሥር ጣት ያለው ሰው ልዩነቱን ብዙ አይሰማውም። ከዚያ በላይ ደግሞ አዲስ ነገር ለመጨመር አዲስ ሳጥን አያስፈልግም፤ ሞንታዥ በዕድሜው ብዙ የሶፍትዌር ማሻሻያ አግኝቷል፣ ገዢው ሳይከፍል ኪቦርዱ አድጓል። እንደ ሙያዬ ይህ የምወደው ዓይነት መልስ ነው። ዝግታው ለእኛም ይጠቅመናል፤ ስድስት ዓመት የተመረተ ሞዴል ሦስት ዓመት ከተመረተው ይልቅ መለዋወጫው፣ እውቀቱና ስታይሉ ይበዛል።

ግን አምራቹ ቢፈልግም ማቆየት የማይችልበት ጊዜ አለ። የሮላንድ ቲአር-808 ድራም ማሽን (ኪቦርድ ባይሆንም ታሪኩ አይታለፍም) ለ“ጭስ” ለሚለው ድምፁ ጉድለት ያለበት ትራንዚስተር ያስፈልገው ነበር። ፋብሪካዎቹ ሥራቸውን አሻሻሉና ጉድለቱ ጠፋ፤ ከ1983 በኋላ 808 መሥራት አልተቻለም። ሰው በጥራት መጨመር ምክንያት ዕቃ ሲያጣ ይታያችሁ። በጥቅምት 2020 ደግሞ ጃፓን ኖቤኦካ የሚገኘው የአሳሂ ካሴይ ቺፕ ፋብሪካ ተቃጠለ። ዲጂታሉን ወደሚሰማ ድምፅ የሚቀይሩ ቺፖችን ለብዙ የኦዲዮ አምራቾች የሚያቀርብ ነበር፤ ስንቱ ሰሌዳውን እንደ አዲስ መንደፍ ነበረበት። በ2011 የወጣው የኮርግ ክሮኖስ ውስጡ ኢንቴል አተም ያለው፣ በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ከኪቦርዱ ቀድሞ እንደሚያረጅ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ሲሆን መተካቱ ግዴታ ነው፤ አምራቹን አልወቅስም።

የምወቅሰው አተካኩን ነው። አዲሱ ሞዴል በወጣበት ቀን የአሮጌውን ፋይል ማንበብ አለበት፤ ከ33 ዓመት በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን። ፋይሉ አራት ኪሎባይት ሆኖ ሳለ “ቦታ የለም” የሚል ሰበብ አይሠራም። በዚህ በኩል የያማሃ አሬንጀሮች ከትልልቆቹ ሲንተሳይዘሮች የተሻሉ ናቸው፤ የድሮ ስታይሎችን አዲሶቹ ይከፍታሉ። ወደ ኋላ ግን አይሠራም። አዲስ ኪቦርድ ላይ የተሠራ ችክችካ አሮጌው ላይ ቢከፈት እንኳ ከበሮው ሌላ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሚጠራው ድምፅ እዚያ የለም። ሌላው የኮርግ ኤም1 መንገድ ነው፤ ተተኪው መጣ ተብሎ ቀዳሚው በማግስቱ አይባረርም። የጥገና መመሪያና የላስቲክ ኮንታክት ቅርጽ ለሕዝብ ቢለቀቅ ደግሞ አምራቹ ምን ይጎድልበታል? ከአሥር ዓመት በኋላ የማይሸጠው ነገር ነው። መርካቶና ፒያሳ ያለው ጠጋኝ ግን ይሠራበታል።

በሌላ በኩል አምራቾቹ ራሳቸው ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው። ሞግ የ1970ውን ሚኒሞግ በ2016 እንደገና አመረተ። ያማሃ የሴኩዌንሻልን ስም በ2015 ለመሥራቹ ለዴቭ ስሚዝ መለሰለት፤ ጎትጉቶ ያስመለሰለት የሮላንዱ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ነበር፣ ተፎካካሪው። ሁለቱ ሚዲን፣ በ1983 የወጣውንና ኪቦርዶችን እርስ በርስ የሚያነጋግረውን ስምምነት፣ አብረው ያስጀመሩ ሰዎች ናቸው። እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የ1983 ዲኤክስ7ና የዛሬ ላፕቶፕ በመሀላቸው አንድ ርካሽ ገመድ ብታገናኙ ይግባባሉ። በ2020 ፕሮፌት-5 ተመለሰ።

ጄኖስ 2ም በ2023 ሲወጣ ከአዲስ ነገሮቹ አንዱ ተብሎ የተዋወቀው የኤፍኤም ድምፅ ነው። ከቀዳሚው ሞዴል ላይ አልነበረም። ገና እኛ ጋ በብዛት አልደረሰም፤ አሁን እየገቡ ያሉት እሱ የተካቸው ናቸው። ጀርመን ያለው ባለቤት ሽጦ፣ ተጠቅልለው፣ የፋብሪካውን ዋልትዝና ፖልካ እንደያዙ። ገዢው መጀመሪያ የሚያደርገው ፍላሹን ሰክቶ ችክችካውን መገልበጥ ነው።